ደም የተቋረጠበትን ልብ ለማዳን የቀረቡ አማራጮች፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ ለሚመርጥ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ አባት ደረታቸውን ጨምድዶ ሲይዛቸውና ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ልጃቸው «አባዬ፣ ይነሡ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ስትል፣ እሳቸው ደግሞ «ተይኝ ልጄ፣ ጨጓራዬ ነው፣ ያልፋል» ሲሉ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ማወዳደር ጀምሯል። መጠበቅ ወይስ መሄድ፣ ጤና ጣቢያ ወይስ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ፣ ደሴ መታከም ወይስ አዲስ አበባ መድረስ የሚሉት ምርጫዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደራረባሉ። ሐኪም ቤት ከተደረሰ በኋላ ሌላ ዝርዝር ይመጣል፤ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት፣ አስፒሪን፣ ቤታ ብሎከር፣ ለስኳር ሕመም ተሠርተው አሁን ለልብ የሚታዘዙ እንክብሎች፣ ከዚያም አልፎ ክንድን በግፊት መለኪያ ደጋግሞ በማሰር ልብን ስለ መጠበቅ የሚወራው ወሬ አለ። የሕክምና ተማሪ ከሆነ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ስለሚነኩት የሴል ምልክት (ሴሎች መልእክት ስለሚቀባበሉበት መንገድ) ያነበበውን ከፊቱ ካለው ታማሚ ጋር ማገናኘት ይቸግረዋል።

ይህ ንጽጽር የተጻፈው ለሦስት ዓይነት አንባቢ ነው፤ ለቤተሰብ፣ በድንገተኛ ክፍል ለሚሠራ ባለሙያ፣ የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለሚፈልግ ተማሪ። የፋብሪካ ስም አይጠራበትም። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የሐኪምን ውሳኔ የሚተካ ምክርም የለበትም።

ሴሉ ውስጥ የሚሆነው

አማራጮቹን ለመመዘን ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። ልብን የሚመግብ የደም ሥር በረጋ ደም ሲደፈን የልብ ጡንቻው ወዲያው አይሞትም። ኦክስጅን ሲቋረጥ የሴሉ ማይቶኮንድሪያ ኃይል ማምረት ያቆማሉ፤ ሴሉም ስኳርን ያለ ኦክስጅን እየሰበረ ለጊዜው ይቆያል፣ ነገር ግን አሲድ ይጠራቀምበታል። አሲዱን ለማስወጣት ሶዲየም ያስገባል፣ ሶዲየሙን ለማስወጣት ካልሲየም ያስገባል፣ ካልሲየሙ ሲበዛ ደግሞ ሴሉን ከውስጥ ያኮማትረዋል። ራይመርና ጄኒንግስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1977 በውሾች ላይ እንዳሳዩት፣ ለአደጋ ከተጋለጠው የጡንቻ ክፍል በ40 ደቂቃ ውስጥ 38 በመቶው፣ በ3 ሰዓት 57 በመቶው፣ በ6 ሰዓት 71 በመቶው ይሞታል። ሞቱ ከውስጠኛው የልብ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ ውጭ እንደ ማዕበል ይሄዳል። የሰው ልብ ከውሻ ልብ ይለያል፤ ይሁንና ቅደም ተከተሉ አንድ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ደም ሲመለስም ጉዳት መኖሩ ነው። በማይቶኮንድሪያ ሽፋን ላይ ክፉ ጊዜ ሲመጣ የሚከፈት ቀዳዳ አለ። ደም በተቋረጠበት ጊዜ የተጠራቀመው አሲድ ራሱ ይህን ቀዳዳ ዘግቶ ያቆየዋል። ደም ተመልሶ አሲዱን ባጠበው ጊዜ ግን፣ ካልሲየም በበዛበትና ጎጂ የኦክስጅን ውላጆች በፈሉበት በዚያች ደቂቃ ቀዳዳው ይከፈታል፤ ማይቶኮንድሪያው ያብጣል፣ ሴሉም ይሞታል። ስለዚህ «ደም መመለስ» የሚለው ሕክምና አዳኝም ጎጂም ነው፤ አዳኝነቱ ግን እጅግ ይበልጣል።

የሴል ምልክት ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1986 መሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር የውሻን የልብ ደም ሥር 4 ጊዜ ለ5 ደቂቃ፣ በየመካከሉ ደም እየመለሱ፣ ካሰሩ በኋላ ለ40 ደቂቃ ቢያሰሩት፣ የሞተው ጡንቻ ምንም ዝግጅት ካልተደረገላቸው ውሾች የሩብ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ትንሹ እጦት ለትልቁ እጦት አለማምዶታል። ነገሩ ጾም ከለመደ ሰው ጋር ይመሳሰላል፤ ምሳሌው ግን ለማስረዳት ብቻ ነው፣ መጾም ከልብ ሕመም ይጠብቃል የሚል ድምዳሜ ከዚህ አይወጣም።

የመልእክቱን መንገድ እንደ ቤት ማሰብ ይቻላል። ደጃፉ የሴሉ ሽፋን ነው፤ በደጃፉ ላይ ያሉት ተቀባዮች አዴኖሲንና ብራዲኪኒን የተባሉ መልእክተኛ ኬሚካሎችን፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸውን ኦፒዮይዶችም ይቀበላሉ። መልእክቱ ወደ እልፍኙ ሲገባ ኤኬቲ፣ ኢአርኬ እና ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የሚባሉ ፕሮቲኖች እየተቀባበሉ ያደርሱታል። ኤኬቲንና ኢአርኬን የያዘው መንገድ በሙያው ቋንቋ «ሪስክ» ይባላል። ስታት 3 በተባለው ፕሮቲን የሚያልፈው ሌላው መንገድ «ሴፍ» የሚል ስም አለው፤ በዚህ መንገድ ጥናት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሁለቱም መንገዶች የሚያበቁት ጓዳ፣ ማለትም ማይቶኮንድሪያው ላይ ነው፤ መልእክቱ «ቀዳዳውን አትክፈት» የሚል ነው። ጥበቃው ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንዱ ወዲያው ጀምሮ ለ1 ወይም ለ2 ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ24 ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጥቶ እስከ 72 ሰዓት ይቆያል።

መስፈርቶቹ

ቀጥሎ ያሉት አማራጮች ሁሉ በአምስት ጥያቄዎች ተመዝነዋል። የመጀመሪያው ምን ተለክቶ ነው የሚል ነው፤ ሞት ቀንሷል ማለት፣ የጠባሳው ስፋት ቀንሷል ማለትና በውሻ ወይም በአይጥ ሠርቷል ማለት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣውም ሦስቱን በአንድ ሚዛን ከማስቀመጥ ነው። ሁለተኛው መቼ የሚል ነው፤ ሕመሙ ከመምጣቱ በፊት፣ ደም በተቋረጠበት ሰዓት፣ ደም ሲመለስ ወይስ ከዚያ በኋላ? ሰው የሚታመምበትን ቀን አስቀድሞ ስለማያውቅ፣ «በፊት» የሚደረግ ሕክምና በቀጠሮ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ካልሆነ በቀር ለድንገተኛ ታማሚ አይሆንም። ሦስተኛው እዚህ ይገኛል ወይ የሚል ነው፤ መድኃኒቱ፣ መሣሪያውና የሚያነበው ሰው። አራተኛው ዋጋ ነው። አምስተኛው ጉዳቱ ነው። ምልክቱን ማብራት ነው ወይስ ማጥፋት የሚለውን ደግሞ ለራሴ የያዝኩት ተጨማሪ ጥያቄ ነው፤ ለምን እንደሆነ እየቆየ ይታያል።

የረጋውን ደም እዚሁ ማሟሟት ወይስ አዲስ አበባ መሄድ

የደም ሥሩን በቀጭን ቱቦ ገብቶ መክፈትና ስቴንት (ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ መረብ) ማስገባት በሰዓቱ ከተደረሰበት ከሁሉም የተሻለ መክፈቻ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ነገር ግን ዓለም አቀፉ መመሪያ የሚለው ሌላም አለ፤ ኢ.ሲ.ጂ. (የልብን የኤሌክትሪክ ምት በመስመር የሚያሳይ ምርመራ) ሕመሙን ካረጋገጠ በኋላ በ120 ደቂቃ ውስጥ ቱቦው የሚደርስ ካልሆነ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚያሟሟ መድኃኒት ይጀመር ይላል። ይህ የሚመለከተው በኢ.ሲ.ጂ. ላይ ኤስቲ የሚባለው የመስመሩ ክፍል ከፍ ብሎ ለታየበት፣ ሕመሙም 12 ሰዓት ላላለፈው ታማሚ ነው።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በጣርማ በር አድርጎ የሚያልፈውን መንገድ የሚያውቅ ሰው 120 ደቂቃ የት እንደሚያደርስ ሊነገረው አያስፈልግም። አውሮፕላንም ቢሆን ከኮምቦልቻ ሲነሣ በረራው አጭር ነው፤ የበረራውን ሰዓት መጠበቅ፣ ትኬቱ፣ ከቦሌ እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ ሲደመሩ ግን ሒሳቡ አይሞላም። ስለዚህ የምርጫው መልስ በሐኪሙ ዝንባሌ ላይ የቆመ አይደለም፤ በኪሎ ሜትር ይወሰናል። የሚያሟሟው መድኃኒት እዚሁ ከተገኘና የሚከለክል ነገር ከሌለ ቅድሚያው የእሱ ነው፤ አዲስ አበባ የሚኬደው ከተሰጠ በኋላ ነው። በ2013 የወጣና 1,892 ሕሙማንን የያዘ ጥናት፣ ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ደርሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ቱቦ ሊደርስላቸው ላልቻለ ታማሚዎች በመጀመሪያ መድኃኒቱን ሰጥቶ ኋላ በቱቦ መመርመር ውጤቱ በቀጥታ ቱቦ ከማስገባት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። መድኃኒቱ ከሠራ የቱቦው ምርመራ ከ2 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመከራል። ካልሠራ ማለትም ሕመሙ ካልለቀቀና ኢ.ሲ.ጂ.ው ካልተመለሰ ሪፈሩ ወዲያው ነው።

በዚህ አማራጭ ውስጥም ትንሽ ንጽጽር አለ። ስትሬፕቶካይኔዝ ርካሹና የቆየው ነው፤ 1.5 ሚሊዮን ዩኒት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በሚንጠባጠብ ይሰጣል፣ የደም ግፊትን ሊያወርድ ይችላል፣ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ስለሚሠራበትም በአንድ ሰው ላይ አይደገምም። ቴኔክቴፕሌዝ ውድ ነው፤ ጥቅሙ በክብደት ተለክቶ በአንድ ጊዜ መርፌ ማለቁ ነው፤ ነርስ በሚያንስበትና ሌሊት ላይ ብቻውን ለሚሠራ ሐኪም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሁለቱም የሚያስፈራው አንጎል ውስጥ የሚፈስ ደም ነው፤ ከ100 ሰው አንድ ወይም ከዚያ በታች ላይ ይደርሳል፣ አዛውንት ላይ ግን ይበዛል። ከዚህ በፊት አንጎሉ ውስጥ ደም የፈሰሰ፣ ባለፉት 6 ወራት ስትሮክ የያዘው፣ አሁን የሚደማ ወይም በቅርቡ ከባድ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አይወስድም።

ጥቅሙ የሚለካው በሞት ነው፤ በጠባሳ ስፋት ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ሕክምናው በመጀመሪያው ሰዓት ከተሰጠ ከ1,000 ታማሚ ወደ 65 ሰው፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በአማካይ ወደ 30 ሰው እንደሚተርፍ የተደመሩ ጥናቶች አሳይተዋል። ከሐይቅ ከተማ ወይም ከወረኢሉ ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው፣ ባጃጅ ፍለጋ፣ ካርድ ክፍልና ኢ.ሲ.ጂ. የሚያነብ ሰው ፍለጋ የሚበሉት ደቂቃዎች የሚቀነሱት ከዚህ ቁጥር ላይ ነው።

አስፒሪን፦ ስለ ምልክት ሲወራ የሚረሳው

በ1988 የወጣውና 17,187 ሰዎችን የያዘው አይሲስ 2 የተባለ ጥናት 162.5 ሚሊ ግራም አስፒሪን ብቻውን በ5 ሳምንት ውስጥ ከልብና ከደም ሥር የሚመጣን ሞት በ23 በመቶ፣ ስትሬፕቶካይኔዝ ብቻውን በ25 በመቶ፣ ሁለቱ አንድ ላይ በ42 በመቶ እንደቀነሱ አሳየ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ደጋግሞ ማየት ይጠቅማል። በየፋርማሲው ያለው ርካሽ እንክብል ከሚንጠባጠበው መድኃኒት ጋር ተቀራርቧል።

የሚገርመው አስፒሪን ራሱ የሴል ምልክት መድኃኒት መሆኑ ነው። ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ጥቃቅን የደም ክፍል) ጎረቤቱን «ና፣ እንሰብሰብ» ብሎ የሚጠራው ትሮምቦክሳን ኤ2 በተባለ መልእክት ነው። አስፒሪን መልእክቱን የሚሠራውን ኤንዛይም ለዘለቄታው ይዘጋዋል፤ ፕሌትሌት ኒውክሊየስ ስለሌለው አዲስ ኤንዛይም መሥራት አይችልም፣ እድሜው እስኪያልቅ፣ ማለትም ለ8 ወይም ለ10 ቀን ያህል፣ ዲዳ ሆኖ ይኖራል። ጆን ቬን የአስፒሪንን አሠራር በ1971 አስረድቶ በ1982 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆኗል።

ለድንገተኛው ሕመም ከ150 እስከ 325 ሚሊ ግራም ተቆርጥሞ ይዋጣል፤ ቤት ያለው 81 ሚሊ ግራሙ ከሆነ 4 እንክብል ማለት ነው። አስፒሪን የሚያስቆጣው ወይም የሚደማ የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው አይወስድም። ጨጓራ ነው ወይስ ልብ ነው የሚለው ግራ መጋባት እዚህ ላይ አደጋ አለው፤ ደም ያስታወከ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ያለው ሰው ሐኪም ሳያየው አስፒሪን መቆርጠም የለበትም።

ክንድን ማሰር

ከሁሉም በላይ የሚማርከው ይህ ነው። ሐሳቡ የመነጨው በ1993 ከተደረገ ሙከራ ነው፤ ከልብ አንዱ ክፍል ላይ ደም ለአጭር ጊዜ ሲቋረጥ ሌላው ክፍል እንደሚጠበቅ ታየ። ቀጥሎ ልብ ራሱ መነካት እንደሌለበት ታወቀ፤ ክንድ ወይም እግር ለ5 ደቂቃ ታስሮ ለ5 ደቂቃ ሲፈታ፣ ይህም 4 ጊዜ ሲደጋገም፣ መልእክቱ በደምና በነርቭ ተጉዞ ልብ ይደርሳል። መሣሪያው የግፊት መለኪያው ጨርቅ ነው፣ እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይነፋል። ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ጤና ጣቢያ ሁሉ አለው። ለእኛ ዓይነት ሀገር የተሠራ ይመስላል።

ይሁን እንጂ በ2019 የተገለጸው ኮንዲ 2 እና ኤሪክ ፒፒሲአይ የተባለው ጥምር ጥናት፣ በእንግሊዝ፣ በዴንማርክ፣ በስፔንና በሰርቢያ 5,401 ታማሚዎችን ይዞ፣ በ12 ወር ውስጥ በልብ የሞቱ ወይም በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡትን ቆጠረ። ክንዳቸው ከታሰረው 9.4 በመቶ፣ ካልታሰረው 8.6 በመቶ ሆነ። ጥቅም አልተገኘም። በ2015 በልብ ቀዶ ሕክምና ታማሚዎች ላይ የተደረጉ ሁለት ትልልቅ ጥናቶችም ተመሳሳይ መልስ ሰጥተው ነበር።

እዚህ ላይ ግን መቸኮል አይገባም። የኮንዲ 2 እና ኤሪክ ፒፒሲአይ ጥናት ታማሚዎች ቱቦ በሰዓቱ የደረሰላቸው ናቸው። ለእኛ የሚቀርበው በሞሪሸስ የተደረገው ነው፤ 519 ታማሚዎች የሚያሟሟ መድኃኒት ሲሰጣቸው ክንዳቸው ታስሮ፣ ከልብ ጡንቻ ወደ ደም የሚፈስሰው የጉዳት ምልክት ከ17 እስከ 19 በመቶ ቀንሷል። የተለካው የጠባሳ መጠን ግምት እንጂ ሞት እንዳልሆነ ግን አንባቢ መያዝ አለበት። የእኔ ፍርድ፣ ክንድ ማሰር ዛሬ በደሴ ሕክምና ተብሎ የሚሰጥ ሳይሆን በደሴ ሊጠና የሚገባ ነገር ነው የሚል ነው። በተለይ የሚያሟሟውን መድኃኒት አንድ ደቂቃ እንኳ የሚያዘገይ ከሆነ ኪሳራ ነው። ቤት ውስጥ ባለ አውቶማቲክ የግፊት መለኪያ መሞከር ደግሞ ከንቱ ድካም ነው፤ ማሽኑ ለክቶ ወዲያው አየሩን ስለሚለቅ 5 ደቂቃ አይዝም።

ወደ ጓዳው በቀጥታ የገቡት መድኃኒቶች

ይህን ክፍል አሳጥሬዋለሁ፤ ለገዢ የሚሆን ነገር የለበትምና። ሳይክሎስፖሪን የማይቶኮንድሪያውን ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ በ2008 በ58 ሰዎች ሲሞከር ተስፋ ሰጠ፤ በ2015 በ970 ሰዎች ሲደገም ምንም አልረዳም። አዴኖሲን የደጃፉን ተቀባይ ያበራል፤ ከ2,000 በላይ ታማሚዎች በተሳተፉበት በ2005 በወጣው ጥናት በዋናው መለኪያ አልተሳካም። ግሉኮስ፣ ኢንሱሊንና ፖታሲየም በአንድ ላይ ማንጠባጠብ ኤኬቲን ያነቃል የሚል ምክንያት ነበረው፤ በ2005 በወጣውና 20,201 ሰዎችን በያዘው ጥናት ሞትን አልቀነሰም።

ውሻ ላይ የሠራው ሰው ላይ ለምን ቀረ? ከሚሰጡት ምክንያቶች የማምንባቸው ሦስት ናቸው። የላቦራቶሪው እንስሳ ወጣትና ጤነኛ ነው፤ የድንገተኛ ክፍሉ ታማሚ ግን ስኳር፣ ግፊትና እድሜ አለበት፣ እነዚህም የምልክቱን መንገድ ያደክማሉ። ሁለተኛ፣ ታማሚው ፕሌትሌትን የሚያግዱ መድኃኒቶች አስቀድሞ ስለሚወስድ፣ ከእነሱም አንዳንዶቹ ራሳቸው ልብን የሚጠብቁ ስለሚመስሉ፣ የሚጨመር ጥበቃ ጠቦ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ቀዳዳው የሚከፈተው ደም በተመለሰ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ዘግይቶ የደረሰ መድኃኒት የሚዘጋው በር የለውም።

ቤታ ብሎከር፦ ማን እንደሚወስደው የሚወስነው ምርጫ

ሜቶፕሮሎል የተባለው ቤታ ብሎከር የአድሬናሊንን መልእክት ያግዳል። በ2013 ሜቶካርድ የተባለው ጥናት በ270 ሰዎች፣ ቱቦ ከመግባቱ በፊት በደም ሥር ሲሰጥ ጠባሳው በአማካይ ከ32 ግራም ወደ 25.6 ግራም ዝቅ እንዳለ አሳየ። በ2016 በ683 ሰዎች የተደገመው ሌላ ጥናት ልዩነት አላገኘም። ከሁለቱ ይልቅ ለድንገተኛ ክፍላችን የሚበጀው በቻይና በ45,852 ታማሚዎች ላይ ተደርጎ በ2005 የወጣው ነው፤ ከ1,000 ሰው 5 ያህሉን ዳግም የልብ ጡንቻ መሞት ከመያዝ፣ 5 ያህሉን ከአደገኛ የልብ ምት መዛባት አድኖ፣ 11 ያህሉን ደግሞ ልብ መርጨት አቅቷት ወደምትወድቅበት ሾክ ጨምሯል። ጠቅላላ የሞት ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ግፊቱ ዝቅ ያለ፣ የልብ ምቱ የዘገየ፣ ሳንባው ውሃ የቋጠረ ወይም አስም ያለበት ሰው በመጀመሪያው ቀን በመርፌ መውሰድ የለበትም፤ የተረጋጋ ሰው ደግሞ በእንክብል ቀስ ብሎ ይጀምራል።

ከቀናት በኋላ የሚመጡት

የግፊት መድኃኒቱ ኢናላፕሪል ከሚገኝበት ወገን የሆነው ካፕቶፕሪል፣ የግራ ልባቸው በደከመ 2,231 ታማሚዎች ላይ በ1992 በወጣ ጥናት ሞትን በ19 በመቶ ቀንሷል። የሚያግደው አንጂዮቴንሲን 2 የሚባለውን መልእክት ነው፤ ይህ ምልክት የቀረውን ጡንቻ እያስወጠረና ጠባሳ እያበዛ የሚያስፋው ነው። እንዲህ ያሉ እንክብሎች በከተማችን ፋርማሲዎች ይሸጣሉ፣ ዋጋቸውም ከአዲሶቹ በብዙ ይወርዳል። ኢናላፕሪልን ግን በመጀመሪያው ቀን በመርፌ መስጠት በዚያው ዓመት በሌላ ጥናት ጥቅም አልታየበትም።

ለስኳር ሕመም የተሠሩት ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ለልብ ድካም የተረጋገጠ ጥቅም አላቸው። አዲስ ለታመመ ልብ ግን፣ በ2024 የወጣውና 6,522 ሰዎችን የያዘው ጥናት በኢምፓግሊፍሎዚን ዋናው መለኪያ ላይ ግልጽ ልዩነት አላገኘም፤ በልብ ድካም ሆስፒታል መግባት ግን ቀንሷል። በዋጋቸው ምክንያት ወር በወር የሚያቆም ሰው ኢናላፕሪሉን ሳያቋርጥ ቢወስድ እመርጣለሁ።

አንድ ጥያቄ ከስኳር ታማሚዎች ይመጣል። ግሊቤንክላማይድ የተባለው የስኳር እንክብል የሴሉን የፖታሲየም በሮች ስለሚዘጋ፣ በ1992 በውሾች ላይ በወጣ ጥናት ከላይ ያልነውን የመላመድ ጥበቃ አጥፍቷል። በዚህ ተነሥቶ እንክብሉን ማቆም ግን ስህተት ነው፤ ስኳሩ ያለ መድኃኒት ሲወጣ የሚያደርሰው ጉዳት የታወቀ ነው፣ ልብ ከታመመ በኋላ በሌላ መቀየር ይሻላል ወይ የሚለው ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ምልክቱን ምን ያደርጋል | ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ | ጊዜው | ዋጋ | ዋና አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| የረጋ ደም ማሟሟት | መንገዱን ይከፍታል | ሞት ቀንሷል | እስከ 12 ሰዓት፣ ቶሎ ሲሆን ይሻላል | መካከለኛ ወይም ከፍተኛ | ደም መፍሰስ |
| ቱቦና ስቴንት | መንገዱን ይከፍታል | ሞት ቀንሷል | በ120 ደቂቃ ውስጥ፣ ካልሆነ በኋላ | በጣም ከፍተኛ | መዘግየት |
| አስፒሪን | የፕሌትሌትን ጥሪ ያጠፋል | ሞት ቀንሷል | ወዲያው | በጣም ዝቅተኛ | የጨጓራ ደም |
| ክንድ ማሰር | የሴሉን ጥበቃ ያበራል | በጠባሳ ግምት የተለያየ፣ በሞት የለም | ደም ከመመለሱ በፊት | የለም | ሕክምና ማዘግየት |
| ሳይክሎስፖሪን | ቀዳዳውን ይደፍናል | በትልቁ ጥናት አልሠራም | ደም ሲመለስ | ከፍተኛ | ያለ ጥቅም ወጪ |
| አዴኖሲን | ተቀባዩን ያበራል | በትልቁ ጥናት አልሠራም | ደም ሲመለስ | ከፍተኛ | የግፊት መውረድ |
| ሜቶፕሮሎል | አድሬናሊንን ያግዳል | የተቀላቀለ | ከተረጋጋ በኋላ | ዝቅተኛ | ሾክ |
| ካፕቶፕሪል፣ ኢናላፕሪል | አንጂዮቴንሲንን ያግዳል | ልቡ ለደከመ ሞት ቀንሷል | ከቀናት በኋላ | ዝቅተኛ | የግፊት መውረድ፣ ሳል |
| ኢምፓግሊፍሎዚን | በብዙ መንገድ | ለልብ ድካም ጠንካራ፣ ለአዲስ ሕመም ደካማ | ከቀናት በኋላ | ከፍተኛ | ፈሳሽ ማነስ፣ የመራቢያ አካል ፈንገስ |

ሁለተኛውን ዓምድ ከሦስተኛው ጋር ሲያስተያዩ አንድ ነገር ብቅ ይላል። ሞትን የቀነሱት የምልክት መድኃኒቶች አንድን ጎጂ መልእክት የሚያጠፉ ናቸው፤ የሴሉን የጥበቃ መልእክት ለማብራት የተሞከሩት ግን እስከ አሁን በሞት ላይ አልቀናቸውም። ሳይክሎስፖሪን በማገድ የሚሠራ ሆኖ ሳይሳካለት ስለቀረ ይህ ደንብ አይሆንም፤ ነገር ግን ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ለመጠየቅ ይበቃል። መልእክት ለማጥፋት ከሰንሰለቱ አንዱን መቁረጥ ይበቃል፣ ለማብራት ግን ከደጃፍ እስከ ጓዳ ያለው ሁሉ ጤነኛ መሆን አለበት፤ የታመመ ልብ ደግሞ ጤነኛ የሌለበት ቤት ነው።

ማን ምን ይምረጥ

በቤቱ ያለ ሰው የሚመርጠው መድኃኒት ሳይሆን ሰዓት ነው። ከ15 ደቂቃ በላይ የቆየ፣ ወደ ክንድ፣ አገጭ ወይም ጀርባ የሚሄድ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ያለበት የደረት ጭንቀት ጨጓራ ተብሎ ቤት አይታለፍም። ሴቶችና የስኳር ሕመምተኞች ያለ ደረት ሕመም በድካም ወይም በማቅለሽለሽ ብቻ ሊመጣባቸው ይችላል። የሚከለክል ነገር ከሌለ አስፒሪን ተቆርጥሞ ይሄዳል። ከኮምቦልቻ ለሚነሣ ሰው፣ በአካባቢው ያለ ተቋም ኢ.ሲ.ጂ. አንሥቶ የሚያሟሟውን መድኃኒት መስጠት የሚችል ከሆነ እዚያው መጀመር፣ ካልቻለ ሐረጎን መውጣት ነው። ይህን የሚያውቁት በሌሊት አይደለም፤ ቤተሰባቸው ውስጥ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ያላቸው ሰዎች ዛሬ በቀን ሄደው የትኛው ተቋም ምን እንዳለው ቢጠይቁ ይሻላል።

ገንዘቡ ላጠረው ቤት ቅደም ተከተሉ አስፒሪን፣ ኢናላፕሪልና የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው፤ ለአዲስ አበባ ጉዞ የተበደሩትን ገንዘብ ሁሉ ከማውጣት በፊት የሚያሟሟው መድኃኒት ሠርቷል ወይ፣ ሐኪሙስ ምን ይላል የሚለው ይጠየቅ። አቅም ላለው ሰው ግን መድኃኒቱ ቢሠራም የቱቦው ምርመራ አይዘለልም።

በድንገተኛ ክፍል ለሚሠራው ባለሙያ፣ የሴል ምልክት እውቀት የሚጠቅመው የሚያምር ስም ያለው መድኃኒት ሲቀርብለት ምን ተለክቶ ነው ብሎ ለመጠየቅ ነው። የሚያሟሟው መድኃኒት ቁልፍ ያለበት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉን የያዘው ሰው ከሌለ፣ ከሴሉ ጓዳ ይልቅ የመድኃኒት ጓዳው መስተካከል ይቀድማል።

ለተማሪ፣ በወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ቦታ፣ የአይጥ ልብና የዌስተርን ብሎት (የፕሮቲን መለያ) መሣሪያ የሚጠይቅ ርዕስ ከመምረጥ በፊት ሌላ ያስብ። ታማሚው ሕመም ከጀመረው እስከ ኢ.ሲ.ጂ.፣ ከኢ.ሲ.ጂ. እስከ መድኃኒት ስንት ደቂቃ እንደሚያልፍ በካርድ መቁጠር በአነስተኛ በጀት የሚሠራ ጥናት ነው። ክንድ ማሰር ላይ መሥራት የሚፈልግም የሞሪሸሱን መንገድ መከተል ይችላል፤ የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ማወዳደሪያ ቡድንና የሚለካ ውጤት አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ሪፈር ወረቀት ላይ የሚጻፍ አንድ ነገር ከእነዚህ ሁሉ ጋር ይሄዳል። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትና የሚያሟሟው መድኃኒት የተሰጠበት ሰዓት በግልጽ ይጻፍ፤ «2 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ አንዱ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ከቀትር በኋላ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊያነበው ይችላል፣ የ6 ሰዓት ልዩነትም በዚህ ሕመም ላይ የ12 ሰዓቱን ገደብ ግማሽ ያህል ይበላል። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ተብሎ ይጻፍ።